ሳይቆጠር አይገደልም

አማርኛችን ለእነዚያ ጥቃቅን ባለ ስድስት እግሮች ያወጣላቸው የወል ስም ዘወትር ይገርመኛል። «ነፍሳት» ይላቸዋል። የነፍስ ብዙ ቁጥር መሆኑ ነው እንግዲህ። ዝንቡም፣ ጉንዳኑም፣ ጢንዚዛውም እኛ በጸሎት የምንጠብቃትን፣ በኑዛዜ የምናስባትን ያችኑ ነፍስ በስም ተጋርተውናል። ስሙ እንዲህ ከፍ ያለ ይሁን እንጂ የምናደርግላቸው አቀባበል ከጫማ ሶል አያልፍም። ቤት ውስጥ አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ብቅ ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ «ምንድን ነው?» አይደለም፤ «ነጠላ ጫማው የት አለ?» ነው።

የከተማ ልጆቻችን መዝገበ ቃላትም በዚህ በኩል እያጠረ ሄዷል። መሬት ለመሬት የሚሮጠው ሁሉ በረሮ፣ የሚበረው ሁሉ ዝንብ፣ የሚሳበው ሁሉ ትል ነው። በቃ፣ ፍጥረት በሦስት ቃል ተጠቃለለ! አያቶቻችን ግን ነቀዙን ከጎተራ፣ ብሉን ከልብስ፣ ምስጡን ከምሰሶ ጋር አገናኝተው ያውቁ ነበር። አዝመራ አውዳሚዎቹንማ ለይተው ለይተው ነው የሰየሟቸው። ትንቢተ ኢዮኤልን በአማርኛ የከፈተ ሰው ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያና ኩብኩባ በተርታ ተሰልፈው ያገኛቸዋል። ጠላቱን በአራት ስም የሚጠራ ሰው ጠላቱን ቀርቦ ያየ ሰው ነው።

ይህን ስል ትምህርት ቤቶቻችን ስለ ነፍሳት አያስተምሩም ማለቴ አይደለም። ያስተምራሉ እንጂ! መምህሩ «ነፍሳት ስንት እግር አላቸው?» ሲል ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ «ስድስት!» ይላል። «የሰውነታቸው ክፍሎች?» «ራስ! ደረት! ሆድ!» ጣራው እስኪነቃነቅ ይጮሃል። ከሰሌዳው ላይ ሥዕሉ ወደ ደብተር ይገለበጣል። በፈተናም ይጠየቃል፤ ይመለሳልም። በዚያው ሰዓት መስኮቱ ላይ አንዲት ተርብ ከመስታወቱ ጋር ግብግብ ገጥማ ታዜማለች። ራስ አላት፣ ደረት አላት፣ ሆድ አላት። ዞር ብሎ ያያት ግን የለም። ያየ ቢኖርም «ወደ ሰሌዳው!» ይባላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታዲያ፣ ሰፈራችን ተከራይታ የምትኖር አንዲት የአራተኛ ክፍል መምህርት ቅዳሜ ጠዋት በሬን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ያስተምሩ ነበር አሉኝ።»

«ሥነ ጽሑፍ ነበር፤ ቢሆንም ግቢ» አልኳት።

ከቦርሳዋ አፉ የተቆረጠ ሃይላንድ አወጣች። ግማሽ ድረስ ውሃ አለው፤ ላዩ በቁራጭ ነጠላና በላስቲክ ታስሯል። ውሃው ላይ አንዲት ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ ነገር እንደ እብድ ትሽከረከራለች።

«ይችን በአማርኛ ምን ልበላት?»

«ጢንዚዛ ናታ!»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ፤ የትኛዋ ጢንዚዛ?»

ጎንበስ ብዬ አየኋት፤ ወዲያው ስሟ ከየት እንደሆነ ሳላውቀው ከአፌ ወጣ። የውሃ እናት! ልጆች ሳለን ከረጋ ውሃ ላይ የምናሳድዳት ናት። ምላስን ካስነከሷት ፉጨት ታስተምራለች ይባል ነበር። ስንቱ ጎረምሳ ለዚህ ሲል ምላሱን አስነክሷል መሰላችሁ! መምህርቷ እየሳቀች ስሙን ጻፈችና ደግሞ በተራዋ እኔ የማላውቀውን ነገረችኝ። የዚች ጢንዚዛ ዓይኖች ላይና ታች ተከፍለዋል። የላይኞቹ ከውሃው በላይ ያለውን ያያሉ፣ የታችኞቹ ደግሞ ከውሃው በታች ያለውን። የዚያን ዕለት እሷ ስም ይዛ ሄደች፤ እኔም ዓይን ተረፈኝ። ደግሞም ጋበዘችኝ፤ «ዓርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነው፤ ይምጡና ይዩን።»

ሄድኩ። ጥቅምት ነበር፤ አጥሩ ሥር የቀረችው አደይ አበባ ገና አልረገፈችም። ስልሳ ያህል ልጆች ግቢው ጥግ በአምስት በአምስት ተከፋፍለው ተንበርክከዋል። መሣሪያቸው ቢቆጠር ይህ ነው፦ የተቆራረጡ ሃይላንዶች፣ አንድ አሮጌ ነጭ አንሶላና ለክፍሉ በሙሉ አንዲት አጉሊ መነጽር። አንሶላው ቁጥቋጦ ሥር ይነጠፍና ቅርንጫፉ ይነቀነቃል። ከላይ የሚዘንበውን ፍጥረት ብታዩ! በዓይን ባዶ የነበረ ቅጠል ሠላሳ ነፍስ ያራግፋል።

ሕጎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ሳይቆጠር አይገደልም። ሁለተኛ፣ ንብና ተርብ በእጅ አይያዙም። ሦስተኛ፣ ደወል ሲደወል ሁሉም ከተያዘበት ቦታ ይለቀቃል። አንዱ ተንኮለኛ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ከተቆጠረ በኋላስ ይገደላል?»

«አንተ ቁጠረው፤ ከዚያ በኋላ ልብህ ከቻለ እናያለን» አለችው።

እያንዳንዱ ልጅ ደብተሩ ላይ አራት ጥያቄ አለው። ስንት እግር? ስንት ክንፍ? የት አገኘኸው? ምን እያደረገ ነበር? ስም አምስተኛ ነው፤ መጨረሻ ላይ ነው የሚጻፈው። ይህ የአምስተኝነት ነገር መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር። እየቆየሁ ስሄድ ግን የትምህርቱ እምብርት እሱ እንደሆነ ገባኝ። ልጅ ስም ካወቀ ማየት ያቆማል። «ንብ!» ካለ ነገሩ አለቀ፤ ወይ ይሸሻል፣ ወይ ይመታል።

እንዳልኩትም አንዱ ቡድን «ንብ! ንብ!» እያለ ተበተነ። አደይ አበባው ላይ ቢጫና ጥቁር የተዥጎረጎረ ነገር አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። መምህርቷ ሃይላንዱን ደፍታ ያዘችውና «ቁጠሩ» አለች። ክንፉ ሁለት ሆነ። ንብ ደግሞ አራት ክንፍ አላት፤ ግን የፊተኛውና የኋለኛው በጥቃቅን መንጠቆዎች ስለሚያያዙ ሁለት ይመስላሉ። ስለዚህ ክንፍ ብቻውን አይበቃም፤ አንቴናውን እዩ ተባለ። የንብ አንቴና ረዘም ብሎ እንደ ክርን ይታጠፋል። የዚህኛው ግን ከግንባሩ ላይ የበቀለች ቁራጭ ነገር ናት፤ ዓይኑም ራሱን በሙሉ ሸፍኖታል። አንዲት ቀጭን ልጅ ቀስ ብላ «ዝንብ ነው እኮ፤ የንብ ልብስ ለብሶ ነው» አለች። እውነቷን ነው። መንደፊያ የሌለው፣ አበባ ቀሳሚ ዝንብ ነው፤ በንብ ስም ተከብሮ የሚኖር። ሸሽተው የነበሩት ሁሉ ተመልሰው ከበቡት።

ሸረሪትም ቀረበች፤ ስምንት እግር ተቆጠረላትና ከነፍሳት መዝገብ ተሰረዘች። ከውሻ ላይ የተነቀለች መዥገርም ዕጣዋ ይኸው ሆነ። አንድ ልጅ ጢንዚዛ ይዞ ክንፏን ቢፈልግ ቢፈልግ አጣ፤ ኋላ ጠንካራው ጀርባዋ ራሱ የፊት ክንፍ እንደሆነ፣ የምትበርበት ስስ ክንፍ ከሥሩ እንደተጣጠፈ አየ። ደብተሩ ላይ የጻፈውን አነበብኩለት፦ «ካፖርት አላት።» ከዚህ የተሻለ ገለጻ ብዙ ድርሰት ውስጥ አላገኘሁም።

ትልቁ ሙግት የተነሳው ግን በቢራቢሮ ምክንያት ነው። ብርቱካናማ፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁርና ነጭ የሆነች ቢራቢሮ ተይዛለች። የያዛት ልጅ ቆጠረ፤ አራት እግር። ጓደኞቹ ሳቁበት። «ስድስት ነው! መጽሐፉ ላይ ስድስት ነው!» ልጁ እንደገና ቆጠረ። አራት። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ነገር ግን ደብተሩ ላይ «4» ብሎ ጻፈ። አስቡት እንግዲህ፤ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በአንድ ወገን መጽሐፉ፣ መምህሩና ስልሳ ጓደኞቹ፣ በሌላ ወገን የራሱ ሁለት ዓይኖች ብቻ ሆነውበት!

መምህርቷ «ተሳስተሃል» አላለችውም። «ልክ ነህ»ም አላለችውም። አጉሊ መነጽሯን ሰጠችውና «ደረቷ ላይ እይልኝ» አለችው። ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ ልጁ ትንፋሹን ውጦ ያያል። በመጨረሻ «ቲቸር፣ ሁለት ትንንሽ አሉ፤ አጥፋ ይዛቸዋለች!» ብሎ ጮኸ። ነገሩ እንዲህ ነው። የዚች ቢራቢሮ ወገኖች ሁሉ የፊት ሁለት እግሮቻቸው አጥረውና ተጣጥፈው ደረታቸው ላይ ተለጥፈዋል፤ የሚቆሙት በአራቱ ነው። መጽሐፉም አልዋሸም፣ ልጁም አልዋሸም። በሁለቱ መካከል የጎደለው ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ነበር። ልጁ «4» የሚለውን ሳይሰርዝ ከጎኑ «+2 የታጠፉ» ብሎ ጻፈ። ያችን ደብተር ባሳትማት ደስ ባለኝ።

ለብዙ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የታገልኩት ከዚሁ ነገር ጋር ነበር። ተማሪው ልብ ወለዱን ሳይገልጥ «ደራሲው የማኅበረሰቡን ችግር ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል» ብሎ ይጽፋል። የቱ ገጽ ላይ? የትኛው ገጸ ባሕርይ? ምን ሲያደርግ? ዝም። መልሱን ከማስታወሻ ለቅሞታል፤ «ስድስት!» እያለ ነው ያደገው። አንድ ብርቱ ተማሪ አልፎ አልፎ ብቅ ብሎ «መምህር፣ እርስዎ ያሉት እኮ እዚህ ገጽ ላይ የለም» ሲለኝ ያ ቀን ዓውደ ዓመቴ ነበር። ታዲያ እንዲህ ያለው ተማሪ የሚሠራው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አይደለም፤ አራተኛ ክፍል፣ አጥር ሥር ተንበርክኮ ነው።

መቼም ነገር ያለ ቅሬታ አይሄድም። አንዲት እናት የልጃቸውን የቆሸሸ ዩኒፎርም ይዘው መጡ። «መምህር፣ እኔ እኮ ልጄን የላክሁት ትል እንዲለቅም አይደለም። ይሄ ነገር እንጀራ ይሆነዋል?» ርዕሰ መምህሩም በጎን «ምዕራፉ አላለቀም» እያሉ ነው። በእናትየው ጥያቄ መሳቅ አይገባም። ጀሪካን ተሸክመው ልጅ የሚያስተምሩ ሰው የእንጀራን ነገር ቢያነሱ ደግ አደረጉ። መልሱም «አዎ፣ እንጀራ ነው፤ አንዳንዴም ነፍስ ነው» የሚል ነው።

እንጀራውን እንይ። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች የሚባለው ትል አገራችን ገብቶ የበቆሎ ማሳ ላይ ሰፈረ። ከነባሩ ተምች የሚለየው በምንድን ነው? ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የላቲን «ዋይ» አለው፤ ለእኛ ልጅ «ለ» ብንለው ይቀለዋል። ጭራው አጠገብ ደግሞ አራት ነጠብጣቦች በአራት ማዕዘን ተቀምጠዋል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ፊደል የቆጠረና ጎንበስ የሚል ልጅ ይበቃል። ገና ከበቆሎው እምብርት ሳይገባ ያየው ሰው በእጁ ለቅሞ ሊያተርፍ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ሰማዩን ሲሸፍነውም ነገሩ ያው ነበር። ይህ አንበጣ በተናጠል ሲኖር ዓይን አፋር ፌንጣ ነው የሚመስለው፤ ሲሰባሰብ መልኩንም ጠባዩንም ለውጦ መንጋ ይሆናል። ክንፍ ሳያወጣ፣ ገና ኩብኩባ ሳለ ያገኘው ሰው ከግማሽ በላይ አሸነፈው ማለት ነው። ግን «ይሄ እኮ ፌንጣ ነው» ብሎ ያለፈውስ?

ነፍሱን ደግሞ እንይ። የወባ ትንኝ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ቂጧን ወደ ላይ ቀስራ ነው፤ ሌላዋ ቢንቢ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆና ትቀመጣለች። እጮቻቸውም በውሃ ውስጥ እንዲሁ ይለያያሉ። የወባዋ እጭ ውሃው ገጽ ላይ ጋደም ትላለች፣ የሌላዋ ግን ጭንቅላቷን ቁልቁል ደፍታ በመተንፈሻ ቱቦዋ ትንጠለጠላለች። ይህን ድሮ የሚፈልገው የቆላ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። የዚችኛዋ ጠባይ ከተሜ ነው፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ጉድጓድ ውስጥ ትፈለፈላለች። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ወባ ያለ ወቅቱ በበጋ ሲነሳ ተመራማሪዎች ከእሷ ጋር አያይዘውታል። እንግዲህ በየቤቱ በርሜል ውስጥ የሚያይ ማን አለ? የመንግሥት ባለሙያ በየጓሮው አይደርስም። አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ግን በየጓሮው አለ።

የዓርቡ ክፍለ ጊዜ ምን ሆነ ብትሉኝ፣ በሳምንት አንድ መሆኑ ቀርቶ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ሆኗል፤ ምዕራፍ መጨረስ አለበታ! እናትየው አሁንም ስለ ዩኒፎርሙ አልተደሰቱም። ልጃቸው ግን ማታ ማታ በርሜሉን ክዳን እያነሳ በባትሪ ያያል አሉ፤ «ውሃዬን አታደፍርስብኝ» እያሉ ሲጮሁበት ሰማሁ። መምህርቷም አልፎ አልፎ ሃይላንዷን ይዛ ትመጣለች። ስሙን ሳላውቀው ስቀር ለልጆቹ የቤት ሥራ ትሰጣቸዋለች፤ «አያታችሁን ጠይቁ» ብላ። ሰኞ ከጎጃም፣ ከመንዝ፣ ከወሎ የመጣ ስም ይዘው ይመጣሉ። አያት የሌለው ደግሞ ራሱ ይሰይማል፤ ያም መብቱ ነው፤ አይቶ ነዋ የሰየመው።

እናንተም ዛሬ ማታ መብራቱን ከቦ የሚዞር አንድ ነገር አይጠፋችሁም። ጫማውን አታውልቁ አልልም፤ እኔም ትኋንን አቅፌ አላድርም። ብቻ ከማሳረፋችሁ በፊት ልጁን ጥሩና አብራችሁ እግሩን ቁጠሩለት። ምናልባት አራት ይሆንባችኋል። እንደገና ቁጠሩ።