ካምሲን፣ ኤሲና የተዘጋ በር፦ የጅቡቲ ማስታወሻ

ፉርጎው ውስጥ ኤሲ ስለሚሠራ ሙቀቱ በዓይን እንጂ በቆዳ አይታወቅም። ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስተን፣ በደወሌና በአሊ ሳቢህ አድርገን ወደ ባሕሩ ስንወርድ ዛፉ ቁጥቋጦ፣ ቁጥቋጦው ጥቁር ድንጋይ እየሆነ ሄደ። ሐምሌ በጅቡቲ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ነጋድ ጣቢያ የባቡሩ በር ሲከፈት ነው። ነፋሱ ዓይንና አፍንጫን ባንድ ጊዜ ሞላ። ካምሲን ይሉታል፤ በበጋቸው ወራት ከምዕራብ እየነፈሰ ሙቀቱን ከ40 ዲግሪ በላይ ያወጣና አቧራ ይጨምርበታል። ቀኑንስ ጥላ እየፈለጉም ቢሆን ያሳልፉታል፤ ችግሩ ሌሊቱም የማይበርድ መሆኑ ነው።

የታክሲው ሾፌር በአማርኛ አናገረኝ። "የምታርፍበት ቤት ኤሲ አለው?" አለ። ስለ ቤቱ ሌላ ምንም አልጠየቀኝም።

ያረፍኩት ድሬ ተወልዳ እዚህ ከከረመች ዘመዴ ዘንድ ነው። ቤቱ ሦስት ክፍል ቢኖረውም ኤሲ ያለው አንዱ ብቻ ስለሆነ በካምሲን ወራት ቤተሰቡ ጠቅልሎ እዚያ ይገባል። ፍራሽ ይነጠፋል፤ የበሩ ሥር በእርጥብ ፎጣ ይደፈናል፤ የመስኮቱ ክፈፍ በፕላስተር ይታሸጋል። አቧራው እንዳይገባ፣ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ። ለሁለቱም ሁነኛ ዘዴ ነው፤ ግን የተነፈስነውም አየር አብሮ ይታሸጋል።

ብዙ ሰው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ስፕሊት ኤሲ ከደጅ አየር ስቦ፣ አቀዝቅዞ የሚያስገባ ይመስለዋል። የውስጡንና የውጩን አካል የሚያገናኙት ግን ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች ናቸው፤ በነሱ ውስጥ የሚመላለሰው ጋዝ የክፍሉን ሙቀት ተሸክሞ ደጅ ያራግፋል። አየሩ ያው ነው። ማሽኑ አንዱን አየር ደጋግሞ ያቀዘቅዛል እንጂ አይለውጠውም። ደጅ ላይ ከአንድ ሚሊዮን 420 እጅ ገደማ የሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሰው ተደርድሮ በሚያድርበት የተዘጋ ክፍል ከ2,000 ሊያልፍ ይችላል። ጠዋት ራስ ሲከብድ "ኤሲው መታኝ" ይባላል። እኔ ኤሲውን ነፃ አውጥቼ በፎጣው ላይ እፈርዳለሁ።

በማግስቱ ማሽኑ ማቀዝቀዝ አቃተው። የመጣው ጠጋኝም የድሬ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ድሬ አንቱታ ስለማታውቅ ዘመዴ ለእናቱ ብትደርስም "አንቺ እህቴ" እያለ ነው የሚያወራት። እሷ ቀድማ ፈረደች።

"ጋዙ አልቆ ነው። አምናም አልቆ ነበር።"

"አቦ፣ ጋዝ እኮ ነዳጅ አይደለም! አያልቅም" አለ ወንበር ላይ እየወጣ። "ከቀነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍን በየዓመቱ የሚሞላልሽ ሰው ፍራንክሽን ነው የሚበላው።"

ክዳኑን ገልብጦ ማጣሪያውን ሳበው። መረቡ አይታይም። አቧራ፣ ፀጉርና የብርድ ልብስ ብናኝ ተጋግረው ምንጣፍ መስለዋል፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ደግሞ ሲነኩት ጣት የሚያጠቁር ቅባት ነገር አለ። ጠጋኙ ጣቱን ወደኛ ዘርግቶ "ይሄ የውጭ አቧራ አይደለም። ዕጣንሽ ነው" አላት። ቧንቧ ሥር ሲያጥበው ውኃው ጠቁሮ ወረደ። ከማጣሪያው ጀርባ ያሉት ስስ የአሉሚኒየም ክንፎች ሁልጊዜ እርጥብ ናቸው፤ ከአየሩ የሚለየው እርጥበት ጤዛ የሚሆነው እዚያ ላይ ነው። ጤዛው አቧራውን ይይዛል፣ አቧራው ጭቃ ይሆናል፣ ጭቃው ሻጋታ ያበቅላል። ኤሲ ሲከፈት መጀመሪያ ብቅ የሚለው ሽታ ከዚያ ነው የሚነሳው።

ጣሪያ ላይ አብሬው ወጣሁ። የውጩን አካል የባሕር ጨው በልቶታል፤ ክንፎቹ በጥፍር ሲነኩ ይፈረፈራሉ። ባዶ ጆንያም ተደግፎበታል። ሙቀቱን የሚያራግፍበት መንገድ ስለተዘጋ ኮምፕረሰሩ ያቃስታል። ጆንያውን አንስቶ፣ አቧራውን በቀስታ በውኃ አጥቦ ወረድን። ክፍሉ ቀዘቀዘ። ጋዝ አልተጨመረም።

"ይሄ መረብ በዓይን የሚታየውን ነው የሚይዘው" አለኝ ዕቃውን እየሰበሰበ። ልክ ነው። ወደ ሳንባ ጥልቅ የሚዘልቀው፣ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጠው ብናኝ አብዛኛው በእንዲህ ያለ መረብ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ብናኝ ያስቀመጠው የዓመት አማካይ ጣሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 5 ማይክሮግራም ነው። የበረሃ አቧራ በሚነፍስበት አገር ይህን ማሳካት ለማንም ከባድ ነው፤ ካምሲንን የሚያስቆም የለም። ቤት ውስጥ የሚጤሰው ግን የኛው ነው።

ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈላ። ደጅ ማፍላት አይታሰብም፤ ነፋሱ ፍሙን ይበትነዋል። ስለዚህ ፈርኔሎው ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ገባ። ቡናው ተቆልቶ ጭሱ ዞረ፤ ፍሙ ላይ ዕጣን ተጨመረ። ኤሲው 18 ላይ ተሞልቶ ያጓራል፤ ፎጣው በር ሥር እንዳለ ነው። ቶናው ሲቀዳ ግንባሬን ይወጋኝ ጀመር። "የቡና ሱስ ነው፣ በረካው ይለቅልሃል" ተባልኩ። አንዷ የቤቱ ልጅም ራሷን ይዛ ፍራሹ ላይ ጋደም ብላለች።

ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደም ጋር ሲጣበቅ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሲበዛም ይገድላል። የኤሲ ማጣሪያ ይህን ጋዝ አይይዝም፤ ማሽኑ ቢሠራ ቢሠራ አቀዝቅዞ መልሶ ይሰጠናል። አዲስ አበባ በክረምት ከሰል አስገብተው ተኝተው ስለቀሩ ሰዎች ስንሰማ ጥፋቱን ለብርዱ እንሰጣለን፤ ብርድ ነው በር ያስዘጋቸው እያልን። እዚህ በር የሚያስዘጋው ሙቀት ነው፤ ጋዙ ለሁለቱም አንድ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው። ዘመዴ "አቧራው ይገባል" ብላ አጉረመረመች፤ ግን ተነሳችና ፎጣውን በእግሯ ገፍታ ፈርኔሎውን በረንዳ አወጣችው። ልጅቷም ንፋስ እንድታገኝ ተከትላት ወጣች።

ከቡናው ቤት የባሰው ጫት የሚቃምበት መብራዝ ነው። ከአወዳይ የተነሳው ጫት ቀትር ላይ ከተማ ሲገባ ወንዶቹ ትራስ ወደተደረደረበት ክፍል ይከተታሉ። ሲጋራው፣ ዕጣኑና የሰው ትንፋሽ ባንድ በተዘጋ ክፍል፣ በአንድ ኤሲ ሥር። ብዙ አልቆየሁበትም።

የድሮው ከተማ እንዲህ አልነበረም የተሠራው። ቀድሞ ምኒልክ አደባባይ ይባል በነበረው ሥፍራ ዙሪያ ያሉት ቤቶች ከባሕር ኮራል ድንጋይ የተገነቡ፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ ፊታቸው ቅስት በረንዳ ነው፤ ነፋስና ጥላ ታስቦላቸዋል። ዛሬ ቅስቱ ላይ ሁሉ የኤሲ ሳጥን ተሰቅሎበታል። አልፈርድባቸውም። በ42 ዲግሪ ስለ ሥነ ሕንፃ የሚሰብክ ሰው ማታ የት እንደሚያድር መጠየቅ ይገባዋል።

ሰው መስኮት የማይከፍትበት ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፤ የመብራት ሒሳብ። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከድሬዳዋ በተዘረጋው መስመር የኢትዮጵያን ኃይል እየገዛች ነው፤ አዲስ አበባን ጃንጥላ ያስያዘው ክረምት ግድቦቻችንን ሞልቶ እዚህ ኤሲ ያዞራል። በ2023 ደግሞ ጉቤት አጠገብ 60 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ተመርቋል። እንደዚያም ሆኖ መብራት ውድ ነው፤ በዘመዴ ዓይን የተከፈተ በር ማለት የሚፈስ ፍራንክ ነው። ፍራንኩ ግን በበሩ ብቻ አይደለም የሚፈሰው። ኢንቨርተር የሌለው አሮጌ ኤሲ 18 ላይ ስለሞሉት ቶሎ አያቀዘቅዝም፤ 26 ላይ ቢሆንም በዚያው ጉልበት ነው የሚሠራው፤ ልዩነቱ 18 ላይ የሚያርፍበት ጊዜ ማጣቱ ነው። 26 ላይ አድርጎ ትንሽ ማራገቢያ መጨመር የሚያተርፈው ገንዘብ፣ ነፋሱ ጋብ በሚልበት ሰዓት መስኮት ከፍቶ ክፍሉን ማናፈሻ ይሆናል።

ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ሰመራ ወይም ወደ ዓረብ አገር የምትሄዱ፣ ኤሲ ባለበት ክፍል ቡና ከተፈላ ጀበናው ይግባ፣ ሲኒው ይግባ፤ ፈርኔሎውን ግን ደጅ አስቀሩት።