ዋስ ያልተጠራለት ዕርቅ

ሐምሌ 23 ቀን 1924 ዓ.ም.፣ ስለ ብርሃንና ስለ ጊዜ፣ ስለ ፍጥረተ ዓለም ስፋትም ሲመረምር የኖረው ሊቅ አልበርት አይንስታይን፣ በፖትስዳም አጠገብ ካፑት በምትባል መንደር ሳለ፣ የሰውን ልቡና ሲመረምር ላረጀው ለቪየናው ሐኪም ለሲግመንድ ፍሮይድ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። እንዲጽፍ የጋበዘው በዓለም መንግሥታት ማኅበር ሥር በፓሪስ የነበረው የምሁራን ትብብር ተቋም ሲሆን፣ ከመረጠው ሰው ጋር፣ በመረጠው ነገር እንዲጻጻፍ ፈቃዱን ለእርሱ ትቶለት ነበር፤ እርሱም የከዋክብቱንና የቁጥሩን ነገር ሁሉ ወደ ጎን አድርጎ፣ የሰው ልጅ ከጦርነት መቅሠፍት የሚድንበት መንገድ ይኖር እንደ ሆነ ጠየቀ። የኖቤልን ሽልማት የተቀበለ፣ ዝናው በአራቱ ማዕዘነ ዓለም የተሰማ ሰው፣ የእኔ ትምህርት የሰውን ፈቃድና ስሜት ጨለማ ለመግለጥ አይበቃም ብሎ ከሌላው ሊቅ ደጅ መጥናቱ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

የደብዳቤው ፍሬ ነገር ግን ከትሕትናው ይበልጣል። መንግሥታት በመካከላቸው የሚነሣውን ጠብ ሁሉ የሚዳኝ አንድ ሸንጎ በፈቃዳቸው ያቁሙ፣ ለፍርዱም ይገዙ ይላል፤ ነገር ግን ሸንጎ የሰው ሥራ ነውና፣ የፈረደውን የሚያስፈጽምበት ኃይል በእጁ ከሌለ ፍርዱ በጉልበተኛው ተጽዕኖ መጣመሙ አይቀርም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መንግሥት ከልዕልናው ቆርሶ ለጋራው ዳኛ ካልሰጠ በቀር ጸጥታ አይገኝም ይላል። ከዚያም እንቅፋቱን ሲመረምር የገዥዎችን የሥልጣን ጥማት፣ በጦር መሣሪያ ንግድ የሚከብሩትን ጥቂቶች፣ ትምህርት ቤቱንና ጋዜጣውን፣ ብዙ ጊዜም ቤተ ክርስቲያኑን በእጃቸው ያደረጉትን ይጠቅሳል። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠኝ፣ ለጥላቻ ስብከት ፈጥኖ የሚሸነፈው ያልተማረው ሕዝብ ሳይሆን፣ ኑሮን በገዛ ዓይኑ ሳይሆን በታተመ ወረቀት የሚያየው የተማረው ሰው ነው ማለቱ ነው።

በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ያደገ ሰው ይህን የሸንጎና የኃይል ነገር ለመረዳት የአውሮፓ ትምህርት አያሻውም። ደም የፈሰሰ እንደ ሆነ የገዳይ ወገኖች ሽማግሌ ይልካሉ፣ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ከሟች ወገኖች እግር ሥር ይወድቃሉ፤ ሽማግሌዎቹም ቀን ቈርጠው፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ የበዳይንም የተበዳይንም ቃል ከሰሙ በኋላ ካሣውን ወስነው ደሙን ያደርቃሉ። ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አይፈጸምም፤ ሁለቱም ወገኖች ዋስ እንዲጠሩ ይታዘዛሉ። ያን ጊዜ ከተቀመጠው ሕዝብ መካከል ቃሉ የታመነ አንድ ሰው ጋቢውን አስተካክሎ ይነሣና፣ በሁሉ ፊት ዋስ ነኝ ይላል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕርቁን ያፈረሰ ሰው የሚጣላው ከባላጋራው ጋር ብቻ ሳይሆን ከዋሱም፣ ከሽማግሌዎቹም፣ ከቀዬውም ጋር ነው። አይንስታይን ለመንግሥታት ማኅበር የለመነው ይህንኑ ዋስ ነበር።

አገራችን ወደዚያ ማኅበር የገባችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ በበዓለ መስቀል ዕለት ነበር፤ ቃል ኪዳኑ ለደካማውም ለኃያሉም እኩል ጋሻ ይሆናል ብላ አምና ገባች። ደብዳቤው በተጻፈ በሦስተኛው ዓመት፣ በኅዳር 1927፣ በኢትዮጵያና በኢጣልያ ወታደሮች መካከል የወልወል ግጭት ተነሣ፤ ክሱ የማኅበሩ መቀመጫ ወደ ሆነችው ወደ ጄኔቫ ደረሰ፣ ሸንጎውም ነገሩን ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ሲያሳድር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ማኅበሩ ኢጣልያን ቃል ኪዳን አፍራሽ ብሎ ፈረደ፣ ማዕቀብም ጣለ፤ ነገር ግን አውሮፕላኑንና ካሚዮኑን የሚያንቀሳቅሰውን ነዳጅ አልከለከለም፣ የስዌዝንም ቦይ አልዘጋም። ፍርዱ ነበረ፣ ዋሱ አልነበረም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫው ጉባኤ ፊት ቆመው በአማርኛ ሊናገሩ ሲጀምሩ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በስድብ አወኩአቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሁከቱ እስኪበርድ በትዕግሥት ቆይተው፣ አውሮፕላኖች እየተከታተሉ እንደ ዝናብ ያወረዱት መርዝ ሰውንና ከብቱን፣ ወንዙንና የግጦሹን መስክ እንዴት እንዳቃጠለ ዘረዘሩ። ጥቂት ሳምንታት ሳይሞሉ ያ ማዕቀብ እንኳ ተነሣ። የዓለም ጦርነት በ1931 ዓ.ም. ማለቂያ በፖላንድ ላይ ተጀመረ ብለው የሚጽፉ አሉ፤ እኔ ግን የጀመረው ከመረብ ዳር ነው እላለሁ።

የጣናን ሐይቅና የዓባይን ሸለቆ ዞሮ ያጠናው እንግሊዛዊ ሜጀር ቺዝማን እስከ 1926 ዓ.ም. ድረስ በዳንግላ ቆንስል ሆኖ ተቀምጦ እንደ ነበር ሳስብ ሐዘኔ ይበዛል፤ በማኅበሩ ሸንጎ ላይ ከሁሉ ይልቅ የምትደመጠው መንግሥት በዚህች በእኛው ከተማ ዓይንና ጆሮ ነበራት፣ አገሩንም ሕዝቡንም አታውቅም አይባልም። ጠላት ዳንግላንና እንጅባራን ይዞ ምሽግ ባበጀ ጊዜ፣ እስኪወጣ ድረስ በዱር በገደሉ የተዋደቁት እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ያሉ የጎጃም አርበኞች ናቸው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርም በዚያው በጭንቁ ዘመን፣ በ1932 ዓ.ም.፣ እንደ ተመሠረተ ይነገራል፤ ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሜዳ ፈረሱ በልዩ ልዩ ጌጥ አሸብርቆ ሲጋልብ የዓድዋ ድል ይታሰባል። ዓድዋ የካቲት 23፣ የጄኔቫው አቤቱታ ሰኔ 23፣ የሊቁም ደብዳቤ ሐምሌ 23፤ ሁሉም በጊዮርጊስ ዕለት መዋሉን ሳየው እንደ ሰው ሥራ ብቻ አድርጌ ማለፍ ያቅተኛል።

ፍሮይድ ለመለሰው መልስ ብዙ ቦታ አልሰጥም፤ በሰው ውስጥ የማፍረስ ዝንባሌ ፈጽሞ አይጠፋም፣ ነገር ግን ፍቅርና ሥልጣኔ ይገቱታል የሚል ነው። ሁለቱ ደብዳቤዎች ታትመው ሲወጡ በጀርመን ሥልጣኑን ሂትለር ይዞ ነበር። አይንስታይን ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በ1931 ዓ.ም. ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ስለ ዩራኒየም ኃይልና ከእርሱ ሊሠራ ስለሚችለው ቦምብ በተጻፈው ደብዳቤ ላይ የፈረመውም ይኸው የሰላም ሰው ነው። በዚህ የሚነቅፉት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን አልፈርድበትም። ዋስ ጥሩ ብሎ ሲለምን የሰማው አልነበረምና፤ በሚያዝያ 1947 ዓ.ም. ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩትም መንግሥታት ጦርነትን እንዲተዉ በሚጠይቀው በእንግሊዛዊው ፈላስፋ በበርትራንድ ራስል ማስታወቂያ ላይ ስሙን አኑሯል።

እንግዲህ የእንጅባራና የዳንግላ መምህራን ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በጥቂት ገጽ የሚያልቅ ነው፤ ወደ አማርኛና ወደ አውኝ መልሱት፣ በጥር 23 ዋዜማም ለተማሪዎቻችሁ አንብቡላቸው፤ ከንባቡም በኋላ ደም ያደረቀ አንድ ሽማግሌ ጠርታችሁ፣ ዋስ እንዴት እንደሚጠራ ከአንደበቱ ያስረዳቸው።