ለስድስት ሁለት ጉዳይ

አባቴ አንድ ሰዓት ነበረው፤ ሴይኮ ፋይቭ። ባትሪ የለውም፣ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን ይሞላል። ዕለቱንና ቀኑን በአንዲት መስኮት ያሳያል። ከእጁ የሚያወልቀው ሲታጠብ ብቻ ነበር። ካረፈ በኋላ ለማስጠገን ለአንድ ሰዓት ሠሪ ሰጠሁት። በቀጠሮዬ ቀን ስሄድ "ጠፍቷል፣ ምን ላድርግ?" አለኝ። ዕቃ ነው፣ ይጠፋል ብዬ ዝም አልኩ።

ቶኪዮ፣ ጊንዛ ሰፈር የሚገኘውን የሴይኮ ሙዚየም የጎበኘሁት ይህ በልቤ እንዳለ ነው።

መጀመሪያ ያቆሙኝ የድሮዎቹ የጃፓን ሰዓቶች ናቸው። ጃፓኖች እስከ 1872 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው) ቀኑን ከንጋት እስከ ምሽት ለስድስት፣ ሌሊቱንም ለስድስት ይከፍሉ ነበር። ፀሐይ ቶሎ ወጥታ ዘግይታ በምትጠልቅበት ወራት የቀኑ ሰዓት ይረዝማል፣ የሌሊቱ ያጥራል። ቀኑን ከንጋት ለምንቆጥር ለእኛ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ግን ቀንና ሌሊታችን ብዙም አይበላለጥም። የእነሱ ይበላለጣል። ስለዚህ ሰዓቱ አናት ላይ ሁለት አግድም ዘንጎች አሉ፤ አንዱ ለቀን፣ አንዱ ለሌሊት። በየዘንጉ ላይ ትንንሽ ክብደቶች ተንጠልጥለዋል። ወደ ጫፍ ሲወጡ ሰዓቱ ይዘገያል፣ ወደ መሃል ሲገቡ ይፈጥናል። ክብደቶቹን በዓመት 24 ጊዜ በእጁ የሚያስተካክል ሰው ያስፈልግ ነበር። ያ ሰው ከዘነጋ ሰዓቱ ይዋሻል።

ከዚያ አንድ የቀለጠ ብረት ጋ ደረስኩ።

የሴይኮ መሥራች ኪንታሮ ሃቶሪ የሰዓት ሱቁን ሲከፍት 21 ዓመቱ ነበር፤ ዘመኑ 1881። በ1892 ፋብሪካ አቋቁሞ የግድግዳ ሰዓት መሥራት ጀመረ፤ በ1913 የጃፓንን የመጀመሪያ የእጅ ሰዓት አወጣ። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1923፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ቀን ለስድስት ሁለት ጉዳይ ላይ፣ ምድር ተንቀጠቀጠች። ምሳ የሚበስልበት ሰዓት ስለነበር እሳቱ ከተማውን በላው። የሃቶሪ ፋብሪካም ተቃጠለ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ከዚያ እሳት የተረፈው ነው፦ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው አንድ ጓል የሆኑ የኪስ ሰዓቶች። ክብ ክብ ቅርጻቸው አሁንም ይለያል። ጊዜ የሚነግር ግን አንድም የለም።

በዚያ እሳት ደንበኞች ለጥገና የሰጧቸው 1,500 ያህል ሰዓቶችም ጠፍተዋል። ሃቶሪ ያኔ ዕድሜው ከስልሳ አልፏል፤ የዕድሜ ልክ ሥራው አመድ ሆኗል። "የምድር መናወጥ ነው፣ ምን ላድርግ?" ቢል ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን በጋዜጣ አሳወጀ፤ ለእያንዳንዱ ባለንብረት ተመጣጣኝ የሆነ አዲስ ሰዓት ተካ። ሴይኮ የሚለው ስም በሰዓት ፊት ላይ መጀመሪያ የወጣው በማግስቱ ዓመት፣ በ1924 ነው። አባቴ በእጁ አስሮት የኖረው ስም ከዚያ አመድ በኋላ የመጣ ነው።

እዚያ ቆሜ ለዓመታት የከነከነኝ ምን እንደሆነ ገባኝ። ሰዓቱ ብቻ አልነበረም። "አደራህ እኔ ጋ ነበር፣ ዕዳው የእኔ ነው" የሚል ሰው ማጣቴ ነው። አበው አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ያሉት ለዚህ ነው።

ሰዓት ሠሪዎች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ስልክ ጠጋኞች፦ መደርደሪያችሁ ላይ ባለቤቱ ያልመጣለት ዕቃ ካለ፣ እባካችሁ ዛሬ ደውሉለት። ጠፍቶባችሁ ከሆነም ደውሉለት።