ጠርሙሶቹን ይዘሽ ነይ

ይህን የምጽፈው የጥፍር ሥራ ለመማር ላሰቡ ልጆችና ለሥልጠናው ገንዘብ ለሚከፍሉ ወላጆች ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬም በዚሁ እጄ ሠርቼ እበላለሁ። መሥራት ያቃተኝ ጊዜ ግን ነበር። የሆነውን እንደሆነው፣ ከመጀመሪያው እነግራችኋለሁ።

ያደግኩት ፒያሳ፣ ሠራተኛ ሰፈር ነው። በ2014 ዓ.ም. ሙያ ልማር ብዬ ስነሳ ከፊቴ ሦስት መንገድ ነበር። አንደኛው የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብቶ የፀጉርና የውበት ሥራ መማር፣ ከዚያም ሲኦሲ የሚባለውን ምዘና አልፎ የብቃት ማረጋገጫ መያዝ ነው። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ሁለተኛው የግል ማሠልጠኛ ነው፤ ያጥራል፣ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ብር ይጠይቃል። ሦስተኛው ሳሎን ገብቶ፣ እየጠረጉና እያቀበሉ፣ ከሚያውቅ ሰው እጅ ማየት ነው። እናቴ የጉልት ነጋዴ ናት፤ ቤታችን ደግሞ በቶሎ ገቢ ይፈልግ ነበር። ሦስተኛውን ያዝኩ።

ሳሎኑ ፒያሳ ውስጥ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት የጥፍር ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። መስኮቱ የመንገዱ አቧራ ጥፍር ላይ የምንቀባው ጄል ላይ እንዳያርፍ ይዘጋል። ጥፍር የምንሞርድበት ድሪል ሲዞር የሚበነው ነጭ ብናኝ ጠረጴዛውንም ቅንድባችንንም ያለብሰዋል። የአክሬሊኩ ፈሳሽ ከትልቅ ጀሪካን እየተቀዳ በውሃ ፕላስቲክ ይቀመጥ ነበር፤ ምን እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ የለውም። ጓንት አንዳንድ ቀን ይኖራል፤ ሲኖርም ስስ የላስቲክ ጓንት ነው። ብሩሹን በሶፍት ጠቅልዬ በጣቶቼ ጨምቄ አደርቅ ነበር፤ ያስተማሩኝም እንደዚያ ነው።

ሙያውን ወደድኩት። እናቶቻችን ለሰርግ እጅና እግራቸውን በእንሶስላ ያቀሉ ነበር፤ ጥፍርን ማሳመር ለእኛ አገር ሴት የትናንት ነገር አይደለም። አንዲት ሴት ሥራ ያሻከረው እጇን ይዛ መጥታ፣ ስትወጣ ያንኑ እጇን ዘርግታ እያየች ደረጃውን ስትወርድ ማየት ደስ ይለኛል። ይህ ደስታ አሁንም አልለቀቀኝም።

በ2015 ዓ.ም. የጥር ሰርግ ሰሞን ከጠዋት እስከ ማታ ሙሽሮችና ሚዜዎች ይመጡ ነበር። ያኔ ጣቶቼ ማሳከክ ጀመሩ። በዐቢይ ጾም የጣቶቼ ጫፍ ተሰነጣጠቀ። ነጭ ሽንኩርት መላጥ አቃተኝ፤ ሎሚ ሲነካኝ አለቅሳለሁ። ከዚያ የዓይኔ ቆብ ማበጥ ጀመረ። ጎረቤታችን አንዲት ትልቅ ሴት “ልጄ፣ ይሄ ምች ነው” ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አሹኝ። ፋርማሲ ቅባት ሰጡኝ፤ ስቀባው ይሻለኛል፣ ሳቆም ይመለሳል። የልብስ ሳሙና ቀየርኩ። በረኪና መንካት ተውኩ። ሥራውን ግን ማንም አልጠረጠረም፤ አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ምንም አልሆነችማ።

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የሁለት ጣቶቼ ጥፍር ከሥጋው መላቀቅ ጀመረ። ማታ ማታ ደረቴ ያፍነኛል። አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮኝ ተነስቼ በር ከፍቼ ተቀመጥኩ፤ ያን ሌሊት ፈራሁ። ሲነጋ ሥራ ገባሁ።

የካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ የከተማው የኮሪደር ልማት መጣና ሰፈራችን መፍረስ ጀመረ። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ፈረሰ፤ የእኛም ቤት ፈረሰ፤ ሳሎኑ የነበረበት ፎቅም አልቀረም። ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ። ስለዚያ ሌላ ጊዜ ይጻፋል፤ ብዙ ሰው ብዙ የሚለው አለው። እኔ የምናገረው ስለ እጄ ነው። ዕቃ ስንጭንና ስናወርድ፣ ከከተማው ዳር በተሰጠን ቤት ግድግዳ ስንቀባ፣ ውሃ ከሩቅ ስንቀዳ ከረምን። በዚያ ሁሉ ልፋት መካከል እጄ ዳነ። ስንጥቁ ገጠመ፣ የዓይኔ እብጠት ጠፋ፣ ሌሊቱን ተኝቼ ማደር ጀመርኩ። እናቴ “የአዲሱ ቦታ አየር ተስማማሽ” አለችኝ።

ሳሎኑ ሌላ ቦታ ተከራይቶ ሲከፈት ተጠራሁ። በመጀመሪያው ቀን ማታ ታክሲ ውስጥ ጣቶቼ መቃጠል ጀመሩ። ሲነጋ ዓይኔ አልገለጥ አለ።

ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል ሄድኩ። ብዙ ሰው አለርትን የሚያውቀው በሥጋ ደዌ ሕክምና ነው፤ ለማንኛውም የቆዳ ሕመም ግን የሚኬድበት ቦታ ነው። ያየችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። እጄን ገልብጣ ካየች በኋላ የጠየቀችኝ ምን እንደበላሁ ወይም ምን እንደተቀባሁ አልነበረም።

“ሙሉ በሙሉ የዳነበት ጊዜ ነበር?” አለችኝ።

“አዎ ዶክተር፤ ፒያሳ የፈረሰ ጊዜ።”

“ያኔ ምን ትሠሪ ነበር?”

“ሥራ አልነበረኝም። ቤት እየቀየርን ነበር።”

እስክሪብቶዋን ሰጠችኝና “እንደ ብሩሽ ያዢው፣ ጥፍሬን ሥሪልኝ” ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። በግራ አውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ የእሷን ጣት ያዝኩ፤ በቀኝ እጄ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሐል ጣት እስክሪብቶውን ያዝኩ። “አሁን ሳትንቀሳቀሺ እጅሽን እዪው” አለችኝ። የተሰነጠቁት ጣቶች፣ የሚይዙትና የሚጨምቁት ጣቶች ብቻ ነበሩ። ቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ደህና ነበሩ። ከአንድ ዓመት በላይ እጄን እያየሁ ይህን አላየሁም ነበር።

“ነገ የምትሠሪባቸውን ጠርሙሶች ይዘሽልኝ ነይ” አለችኝ።

ይዤ ሄድኩ። አንዷን የጄል ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ከጀርባዋ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበችልኝ፦ ሃይድሮክሲኤቲል ሜታክሪሌት፣ በአጭሩ ሄማ። የውሃ ፕላስቲኩን ከፍታ አሸተተችና ከደነችው። “ይሄ ስም ስለሌለው ምንም ልልሽ አልችልም፤ ስም የሌለውን ነገር ግን አትንኪ” አለችኝ። ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ጄልም ሆነ አክሬሊክ በደንብ ከደረቀ በኋላ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ሳይደርቅ ቆዳ ሲነካ ነው፤ በጨመቅኩት ሶፍት፣ ከጥፍሩ አልፎ ሥጋው ላይ በፈሰሰው፣ ጄሉን የሚያደርቀው ላምፕ ከጄሉ ጋር ስላልተስማማ ውስጡ ጥሬ በቀረው ላይ በሚነሳው ብናኝ። ስስ የላስቲክ ጓንት በደቂቃዎች ውስጥ ያሳልፈዋል። ሰውነት አንድ ጊዜ እንደ ጠላት ከለየው ደግሞ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ደህና መሆኗ የእሷ ሰውነት ገና ስላልለየው ነው።

“ስለዚህ ሥራዬ አለቀ?” አልኳት።

“ጄልና አክሬሊክ አለቀ። እጅሽ ግን ይድናል” አለችኝ።

ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ስለነገረችኝ አመሰግናታለሁ። የመጀመሪያውን ብቻ ሰምቼ ወጥቼ ቢሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ልጨምር። የአሜሪካ መንግሥት ሜቲል ሜታክሪሌት የሚባለውን፣ በአጭሩ ኤምኤምኤ፣ ለጥፍር እንዳይውል በ1974 እ.ኤ.አ. እርምጃ ወስዶበታል። ርካሽ ስለሆነ ዛሬም በየአገሩ ይሸጣል። ምልክቱ ይታወቃል፦ ሽታው ያፍናል፣ ጥፍሩ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ አሴቶን ውስጥ ቢዘፈዝፉት አልለቅ ይላል። በእንግሊዝ የቆዳ ሐኪሞች በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ አለርጂ ከተመረመሩት ሰዎች 2.4 በመቶው እንደ ሄማና ኤምኤምኤ ላሉ ንጥረ ነገሮች አለርጂ ነበራቸው። የአውሮፓ ኅብረት ሄማ ያለበት የጥፍር ምርት በባለሙያ ብቻ እንዲሠራበት ወስኗል። በእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያዛል። እኔ ይህን ያወቅኩት ከታመምኩ በኋላ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ሥራውን ያስተማረችኝ ልጅም አታውቀውም ነበር፤ እሷንም ማንም አልነገራትም።

እጄ ሲድን እንደገና ለመማር ተመዘገብኩ፤ በዚህ ጊዜ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ በማታው መርሐ ግብር። አሠልጣኛችን ብሩሽ ከማስያዟ በፊት ጠርሙስ እያዞረች ጽሑፉን ጮክ ብለን እንድናነብ ታደርግ ነበር። የቃሉ ትርጉም ያልገባት “አልገባኝም” ማለት አለባት እንጂ ዘልላ ማለፍ አይፈቀድላትም። ልምምዱ በፕላስቲክ ጣት ይጀመራል፤ ቀለም ከጥፍሩ አልፎ የፕላስቲኩን ሥጋ ከነካ ተፍቆ እንደገና ነው። እኔ ጄልና አክሬሊክ መንካት ስለማልችል በውሃ በተሞላ ጠርሙስ ተለማመድኩ። ሲኦሲዬን አለፍኩ።

ሳሎን ውስጥ እየሠራ የሚማር ሰው ሁሉ ይታመማል አላልኩም። ሦስተኛው መንገድ ለድሃ ልጅ የተከፈተ መንገድ ነው፤ እንዲዘጋም አልፈልግም። በሥራ ላይ የተማረ ሰውም ሄዶ ሲኦሲ መመዘን ይችላል። ነገር ግን የትኛውም ቦታ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ከሰዓት ተቀምጣችሁ እዩ። መስኮቱ ይከፈታል? ፈሳሹ የሚቀመጠው ስሙ በተጻፈበት ዕቃ ነው? ጓንቱ ናይትራይል ነው፣ በየደንበኛው ይቀየራል? ስትጠይቁ “እዚህ እንደዚህ ነው የሚሠራው” የሚል መልስ ከሰጧችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ዋጋው ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

አሁን የምሠራው የተፈጥሮ ጥፍር ነው፤ ማኒኪዩር፣ ፔዲኪዩር፣ ተራ ኩቴክስ። ገቢው ከጄል ያንሳል፤ ቋሚ ደንበኞች ግን አሉኝ፤ ከፒያሳ የተነሱ የድሮ ጎረቤቶቼም ታክሲ ለውጠው ይመጣሉ። ጄል የምትሠራው ባልደረባዬ የምትቀመጠው መስኮቱ ጋ ነው፤ እኔ በሌላው ጥግ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እንደ እኔ ለሆነ ሰው ይጠቅማልና። የሄማ ነገር በጥፍር ጄልና አክሬሊክ ብቻ አያበቃም። ዘመዶቹ በነጭ የጥርስ መሙያ ውስጥ፣ አጥንት ሲጠገን በሚገባው ሲሚንቶ ውስጥ፣ ክንድ ላይ በሚለጠፉ አንዳንድ የስኳር መለኪያዎች ሙጫ ውስጥ አሉ። ባለፈው ጥርሴን ላስሞላ ስሄድ ገና ሳልቀመጥ ለሐኪሙ ነገርኩት። መሣሪያውን አስቀምጦ ስሙን ጽፌ እንዳሳየው ጠየቀኝ፤ ጻፍኩለት፤ ሌላ ዓይነት መሙያ መርጦ ሞላልኝ።