«ኃይል በመሙላት ላይ»



ይህች ጽሑፍ ስለ ቻርጀር ናት። «ስለ ቻርጀር ደግሞ ምን ይጻፋል?» እንዳትሉን። በዶርማችን ለአራት ቀን ሰላምታ ያቋረጠን፣ አንድን አባት ደግሞ ነቀምቴ መናኸሪያ ላይ እስከ ዙህር ያስቀመጠ ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነን። ሁለቱ የጊምቢ፣ አንዱ የሻምቡ፣ አንዱ የነጆ፣ አንዱ የደምቢ ዶሎ፣ አንዱ ደግሞ ከደሴ የመጣ ነው። እንደ ግቢው ልማድ በአገራችን ነው የምንጠራራው፣ እዚህም ስም አንጠራም። ስድስት ሰው፣ ሁለት ላፕቶፕ፣ ሰባት ስልክና አንድ የሚሠራ ሶኬት አለን። መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ሲመጣ ኮሪደሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ይጮኻል፤ ወዲያው የኤክስቴንሽን ሽሚያ ይጀመራል።

ያን ዕለት ማታ መብራት የመጣው ከዒሻ በኋላ፣ ወደ አራት ሰዓት ግድም ነበር። ሁላችንም በማግስቱ የምናስረክበው ሥራ ነበረን። የደምቢ ዶሎው ወንድማችን ከውዱእ ሲመለስ ኤክስቴንሽኑ ሞልቶ አገኘው። ስልኩ 14 ፐርሰንት ላይ ነበር። ማንንም አላስቸገረም፤ ስልኩን ላፕቶፕ ላይ ሰካው። ስክሪኑ በርቶ «ኃይል በመሙላት ላይ» አለ። የኢንተርኔት ፓኬጅ የነበረው እሱ ብቻ ስለሆነ ሆትስፖቱን ከፈተልንና ተኛ። እኛ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ በእሱ ዳታ ሠራን፣ አወረድን፣ ላክን። ከዚያ የነጆው ላፕቶፑን ዘጋና ሁላችንም ተኛን።

ለፈጅር ስንነሳ ስልኩ ጠፍቶ ነበር። ገመዱም ተነቅሏል። መብራት እንደገና ሄዷል።

የደምቢ ዶሎው አባት ለሕክምና ወደ ነቀምቴ እየመጡ እንደነበር እሱም አያውቅም ነበር። ልጃቸውን ከፈተና እንዳያናጥቡት ብለው ሳይነግሩት ተነስተው፣ ጊምቢ አድረው በጠዋት መናኸሪያ ደረሱ። በእጃቸው ያለው ቁጥር የእሱ ብቻ ነው፤ በወረቀት ላይ ተጽፎ። የሰው ስልክ እየለመኑ ደወሉ፣ ዝግ ነው። ደግመው ደወሉ፣ ዝግ ነው። ወለጋ ውስጥ የተዘጋ ስልክ ቀላል ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብና በቄለም ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ተቋርጦ የነበረበትን ጊዜ የዚህ አገር ወላጅ አልረሳውም። የልጁ ስልክ ዝም ሲል መጀመሪያ የሚያስበው ክፉ ክፉውን ነው። አባታችን እዚያው ቁጭ ብለው፣ በረኪናና በሙዝ ሻጮች መሃል፣ እስከ ዙህር ጠበቁ። ልጃቸው ሻይ ቤት ገብቶ ስልኩን ሲያበራ ነው ያገኙት።

አልሐምዱሊላህ፣ ሕክምናቸውን አግኝተዋል፤ ደህና ናቸው። ማታ ዶርም ውስጥ ግን ጥያቄው ተነሳ። «ማነው የነቀለው?» ላፕቶፑን መጨረሻ ላይ የነካው የነጆው ነው። ስልኩም ጠዋት 100 ፐርሰንት ነበር። «ወላሂ አልነቀልኩም፣ ገመዱን ያነሳሁት ለፈጅር ስነሳ ነው» አለ። እኛ አፋችን «እሺ» አለ፣ ልባችን ግን አላመነውም። ለአራት ቀን ምግብ አብሮን አልበላም፤ እኛም ና አላልነውም።

በአምስተኛው ቀን የሻምቡው፣ ኤሌክትሪካል የሚማረው፣ «ከምንጣላ ለምን አንለካውም?» አለ። ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ፣ ቮልትና አምፔር የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ ከአንድ ስልክ ጠጋኝ ተውሶ መጣ። ያንኑ ስልክ፣ በዚያው ገመድ፣ ግድግዳ ላይ ባለው ቻርጀር ሰካነው፤ 1.4 አምፔር ወሰደ። ላፕቶፑ ላይ ሰካነው፤ 0.46 አምፔር። ስክሪኑ ላይ የሚነበበው ግን በሁለቱም አንድ ነው፦ «ኃይል በመሙላት ላይ»። ሆትስፖቱን ከፍተን አምስታችንም ተያያዝንበት። አንድ ሰዓት ቆይተን ስናይ ባትሪው ፈቀቅ አላለም። ከዚያ ላፕቶፑን ዘጋነው። የዚያ ላፕቶፕ ወደብ ላፕቶፑ ሲተኛ ኃይል መስጠቱን ያቆማል፤ መለኪያው ጭልም አለ። ስልኩ ግን ለእኛ ዳታ ማደሉን ቀጠለ።

ገመዱን የነቀለ ሰው አልነበረም። ባትሪውን የበላነው እኛው አምስታችን ነን።

ያን ማታ ከነጆው ጋር የሆነውን እናቆየውና፣ ስልኩ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ያጣራነውን እንንገራችሁ። ስልክ ሲሰካ ዝም ብሎ የቻለውን ያህል አይስብም፤ መጀመሪያ ይጠይቃል። በተለመደው የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ሽቦ አለ፦ ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለዳታ። ስልኩ በአንዱ የዳታ ሽቦ 0.6 ቮልት አካባቢ ይልክና ሌላውን ያዳምጣል። ግድግዳ ላይ በሚሰካ ትክክለኛ ቻርጀር ውስጥ ሁለቱ የዳታ ሽቦዎች እርስ በርስ ስለተገናኙ የላከው ይመለስለታል። ያኔ ቻርጀር መሆኑን ያውቅና እስከ 1.5 አምፔር ይወስዳል። ካልተመለሰለት የኮምፒውተር ወደብ ነው ብሎ ይጠነቀቃል። በዩኤስቢ 2.0 ሕግ ከኮምፒውተር ወደብ መጀመሪያ 100 ሚሊአምፔር፣ ኮምፒውተሩ ሲፈቅድ ደግሞ እስከ 500 ሚሊአምፔር ነው የሚወሰደው። ዳታም ብዙ ኃይልም አንድ ላይ የሚሰጥ ሦስተኛ ዓይነት ወደብም አለ፤ እሱን ለመለየት ስልኩ በሌላኛው ሽቦ ሁለተኛ ጥያቄ ይጠይቃል። ይህ አሠራር የተጻፈው በዩኤስቢ የባትሪ ቻርጅ ደንብ ላይ ነው። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ፤ እትም 1.2 በ2010 ተከተለ። ሦስቱ ዓይነቶች በአጭሩ ኤስዲፒ፣ ሲዲፒና ዲሲፒ ይባላሉ፦ ተራ የኮምፒውተር ወደብ፣ ቻርጅም የሚያደርግ የኮምፒውተር ወደብ፣ ቻርጀር ብቻ።

ስለዚህ የወንድማችን ስልክ ያን ማታ እውነቱን አውቆ ነበር። ከላፕቶፕ እንደተሰካ ለይቷል፣ ትንሽ ብቻ ወስዷል። ለባለቤቱ ግን አልነገረውም። ለምን?

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ድራይቨር ይሄዳል። ድራይቨር ማለት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከሃርድዌሩ ጋር የሚያነጋግር ፕሮግራም ነው። አንድሮይድ ከሥሩ ሊኑክስ ነው፤ ሊኑክስ ውስጥ ደግሞ የቻርጀሩን ዓይነት የሚለየው አንድ የተወሰነ ክፍል አይደለም። በአንዱ ስልክ የቻርጅ ቺፑ ይለየዋል፣ በሌላው የዩኤስቢ ክፍሉ፣ በሌላው ኃይል የሚያስተዳድረው ቺፕ። ለዓመታት እያንዳንዱ ድራይቨር ያወቀውን በገዛ መንገዱ ነበር የሚያወራው። አንዱ «ዩኤስቢ» ብቻ ይላል፣ አንዱ ዝርዝሩን ይናገራል፣ እንደ ኳልኮም ያሉ ቺፕ ሠሪዎች ደግሞ ለፈጣን ቻርጅ የራሳቸውን ስም ጨመሩ። አንድሮይድ ይህን ሁሉ ሰብስቦ ለአፖች የሚያሳውቀው በዋናነት «ኤሲ»፣ «ዩኤስቢ» ወይም «ገመድ አልባ» በሚሉ ጥቂት ቃላት ነው።

ይህንንም ሞከርነው። ከገበያ በርካሽ የገዛነው፣ ላዩ ላይ 2.4 አምፔር የሚል ቻርጀር አለን። ግድግዳ ላይ ሰክተነው በአንዱ ስልክ «ዩኤስቢ» ተባለ፣ በሌላው ስልክ «ኤሲ» ተባለ። ተሰንጥቆ ስለነበር ከፍተን አየነው፤ የዳታ ሽቦዎቹ ከምንም ጋር አልተገናኙም። ለስልኩ ጥያቄ መልስ የለውም። መልስ ያጣ ስልክ ምን ይበል? አንዱ ድራይቨር «ኮምፒውተር ይሆናል» ብሎ ጠረጠረ፣ ሌላው «ቻርጀር ይሆናል» ብሎ አመነ። ሁለቱም ግምታቸውን እንደ እውቀት አወሩ። ይቺን ስናይ የነጆውን አየነው፤ እሱም እኛን አየን።

የሊኑክስ ሰዎች ይህን ችግር ቀስ በቀስ ነው ያስተካከሉት። እ.ኤ.አ. በ2017 የዩኤስቢው ክፍል የቻርጀሩን ዓይነትና ሊወሰድ የሚችለውን የኤሌክትሪክ መጠን ለሌሎች ድራይቨሮች የሚያሳውቅበት የጋራ መንገድ ተዘጋጀ። በ2018 ደግሞ ሁሉም የኃይል ድራይቨሮች የሚጠቀሙበት «የዩኤስቢ ዓይነት» የሚባል አንድ የጋራ መስክ ተጨመረ። በዚያ መስክ ድራይቨሩ ሊለያቸው የሚችላቸው ዓይነቶች ይዘረዘራሉ፤ አሁን የተሰካው በቅንፍ ይታያል። ከሁሉም በላይ የወደድነው ግን ከዝርዝሩ ውስጥ «አይታወቅም» የሚል ቃል መኖሩን ነው። የማያውቅ ድራይቨር አላውቅም የሚልበት ቦታ ተሰጠው።

ሌላው ዓለም በመሰኪያው ቅርጽ ላይ ብዙ ተከራክሯል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2006 የሞባይል ቻርጀር ደረጃ አወጣች። የአውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ በገበያው የሚሸጡ አዳዲስ ስልኮች ሁሉ ታይፕ ሲ እንዲሆኑ አስገድዷል። ጥሩ ነው፤ ሁሉም ገመድ ለሁሉም ስልክ ይገባል። ቅርጹ ስለገባ ግን እውነቱ ገብቷል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ቤንሰን ሊዩንግ የተባለ የጉግል መሐንዲስ የታይፕ ሲ ገመዶችን እየገዛ ሲፈትሽ፣ ውስጣቸው ያለው ሬዚስተር የተሳሳተና ወደቡ የማይችለውን 3 አምፔር ይሰጣል ብለው ለስልኩ የሚናገሩ ብዙ አግኝቷል። በ2016 መጀመሪያ ደግሞ ሽቦው የተገለበጠ አንድ ገመድ የሚሠራበትን ላፕቶፕ አበላሽቶበታል።

ይህን ሁሉ ለደምቢ ዶሎው አባት ነገርናቸው። ሕክምናቸውን ጨርሰው ከመመለሳቸው በፊት ይቅርታ ልንጠይቃቸው ሄደን ነበር። ቡና አምራች ናቸው። በኦሮምኛ እያስረዳናቸው እስከ መጨረሻው ሰሙንና ሳቁ። «ገበያ ውስጥ ጣሳ ሁሉ ጣሳ ይባላል» አሉን። «የማን ጣሳ ነው፣ ሥሩ ገብቷል ወይስ አልገባም ብለህ ካልጠየቅህ ግን ቡናህን ጨርሰህ ባዶ እጅህን ትገባለህ።» እውነታቸውን ነው። የእኛ አገር ቡና ከነቀምቴ ስም በወጣው «ለቀምቴ» በሚለው የንግድ ስም ባሕር ማዶ የሚሸጠው፣ ስሙና ደረጃው ሲጠራ ገዢው ሳያይ የሚያውቀው ነገር ስላለ ነው። ጣሳን የተካው ኪሎ ነው፤ ኪሎ ማለት ደግሞ ሁሉም የተስማማበት ቃል ነው።

ቻርጀር የሀብታም አገር ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። የሚያስቡ ከሆነ ለእነሱ ይልቅ ለእኛ ነው የሚያስፈልገው። መብራት ሲፈልግ በሚመጣበት፣ ሦስት ሰዓት ብቻ በሚቆይበት ቦታ፣ በ500 ሚሊአምፔርና በ1.5 አምፔር መካከል ያለው ልዩነት ስልኩ ሞልቶ ማደሩና አለማደሩ ነው። ባለ 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ በላፕቶፕ ወደብ ምንም ሳይባክን እንኳ ከሰባት ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ በደህና ቻርጀር በዚያው ስሌት ከሦስት ሰዓት ያንሳል። በገጠር ያሉ ቤተሰቦቻችን ደግሞ ስልካቸውን የሚሞሉት በሶላር መብራቱ የዩኤስቢ ቀዳዳ ነው፤ ደመና ሲመጣ ይቀንሳል። እናታችን «ተሰክቷል እኮ» ስትለን፣ ስልኩ ምን ላይ እንደተሰካና ስንት እየወሰደ እንደሆነ በግልጽ ቢነግራት ኖሮ፣ ማታ ደውላ ድምጿ መሃል ላይ አይቋረጥም ነበር። አዳዲስ ስልኮች «በዝግታ» ወይም «በፍጥነት» ማለት ጀምረዋል። መልካም ጅምር ነው።

አሁን ወደ ዶርማችን እንመለስ። በለካንበት ማታ ለነጆው «አውፍ በለን» አልነው። ወዲያው አልመለሰም። «አራት ቀን ሙሉ ወላሂ ብዬ አላመናችሁኝም፤ መለኪያ ሲናገር ግን አመናችሁ» አለ። ለዚህ መልስ አልነበረንም፤ አሁንም የለንም። መለኪያ ባይገኝ ኖሮ እስከ ዛሬ በሱኡ ዘናችን ላይ እንኖር ነበር ማለት ነው። በኋላ ግን ተነስቶ ሻይ አፈላልን፤ እንደ ይቅርታ ቆጠርነው።

ከዚያ ወዲህ በዶርማችን ደንብ አለ። እያንዳንዱን ቻርጀርና ገመድ ለክተን ነጭ ፕላስተር ለጥፈንበታል፤ ፋብሪካው የጻፈውን ትተን የለካነውን ቁጥር ጽፈናል። ያልለካነው ላይ «አይታወቅም» ብለን ነው የጻፍነው። ሆትስፖት የሚከፍትልን ሰው ስልኩ ከሁሉ በፊት ግድግዳው ላይ ይሰካል፤ ሐቁ ነው። ቤተሰቡ መንገድ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ከእሱ ይቀድማል። የእያንዳንዳችን ቤተሰብም አሁን የሁለት ልጆች ቁጥር በወረቀት ይዟል።

መለኪያ የምትፈልጉ ዶርሞች ወደ እኛ ብቅ በሉ፤ ከኪሳችን አዋጥተን አንድ ገዝተናል፤ ለማንም እናውሳለን። ቻርጀራችሁን ይዛችሁ ኑ። ከተጣላችሁም ሁለታችሁም አብራችሁ ኑ።