በመንገድ ዳር ያለ ውሃ

የጭነት መኪና ሾፌር ውበትን የሚያየው በዓይኑ ጠርዝ ነው፤ ዓይኑ የመንገዱ፣ እጁ የመሪው፣ ልቡ የጭነቱ ነውና። ከአዲስ አበባ ነቀምት 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አምቦንና ባኮን አልፎ፣ ነቀምትን ተሻግሮ ወደ ጊምቢ የሚያቀና ሰው ከደጋው ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ሲወርድ ብርዱ በሙቀት ይለወጥበታል። በክረምት ከየገደሉ በካርታ ያልሰፈሩ ፏፏቴዎች ይንዠቀዠቃሉ፤ በበጋ የሚቀረው ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው።

በፎቶግራፍ የማነሳው እነዚህን ነው። ዝነኛው የፊንጫ ውሃማ ተገድቦ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ መብራት ሆኗል፤ ወደ ቆላው የሚወርደውም በቧንቧ ነው። በዚህ አልቆጭም፤ የሌሊት አምፖል የዚያ ውሃ ሌላ መልኩ ነው።

የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው። ቀድሞ ቡና ጭኜ ስመለስ ዳር ይዤ እቆምና ካሜራዬን አወጣ ነበር። እረኞች ይሰበሰባሉ፤ ምስላቸውን አይተው ይስቃሉ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን ግጭት በወለጋ መንገዶች ላይ ጥላውን ሲያጠላ፣ ሾፌር ሰው በሌለበት መቆምን ፈራ። የኋለኞቹን ፎቶዎች ረዳቴ ነው በመስኮት ያነሳቸው፤ ፏፏቴው በፍጥነት ተስቦ ነጭ ጭረት ይመስላል።

ባለሙያ ቢያያቸው የተበላሹ ይላቸዋል። እኔ ግን አልጥላቸውም። በጠሩት ውስጥ ውሃው አለ፤ በደበዘዙት ውስጥ ደግሞ ሳንቆም ያለፍነው እኛ አለን።