ጮማ የሚያስቀጣበት አገር

አባቴ አንድ በሬ ለመታረድ መድረሱን የሚያውቀው ሦስት ቦታ ዳስሶ ነው። መጀመሪያ ከጅራቱ ሥር በግራና በቀኝ፣ ቀጥሎ የመጨረሻዎቹን ጎድኖች፣ በመጨረሻ ሻኛውን። ሻኛውን በመዳፉ ጨበጥ አድርጎ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘውና ዝም ይላል። ዝም ካለ ደርሷል ማለት ነው። ካልደረሰ ግን ‹‹ገና ነው፤ አተላ ጨምሩለት›› ይላል።

እኔ በምኖርባት፣ በአየርላንድ መሀል አገር ባለች ትንሽ ከተማ ዳር ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ጎረቤት አሉኝ። እሳቸውም የሚዳስሱት እነዚያኑ ቦታዎች ነው። ሻኛ ብቻ የለም፤ የዚህ አገር ከብት ሻኛ አያበቅልም። ይህን ለአባቴ በስልክ የነገርኩት ቀን ‹‹ታዲያ በምኑ ነው በሬ የሚባለው?›› ብሎ ለረጅም ጊዜ ሳቀብኝ። ሌላው ልዩነት ግን የሚያስቅ አይደለም። አባቴ ጣቱ ስብ ውስጥ ሲሰምጥ ደስ ይለዋል፤ ጎረቤቴ ደግሞ ይደነግጣሉ።

የሚደነግጡበትን ምክንያት ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም፤ የምሠራው ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ነውና። ፋብሪካ የምለው እኔ አይደለሁም፤ ገበሬዎቹ ራሳቸው ቄራውን ‹‹ፋብሪካ›› ነው የሚሉት። ‹‹ፋብሪካው ዛሬ ስንት እየሰጠ ነው?›› የሚለው ጥያቄ እዚህ ከሰላምታ ቀጥሎ ይመጣል። እኔ የቆምኩት ለሁለት የተሰነጠቀው ሥጋ ተመዝኖ ወደ ማቀዝቀዣ በሚገባበት በር ላይ ነበር። ከሚዛኑ አጠገብ ካሜራ ያለው ማሽን አለ። እያንዳንዱን ሥጋ ፎቶ ያነሳና ሁለት ነገር ይፈርዳል። አንደኛው ቅርጹ ነው፤ ከምርጡ ‹‹ኢ›› ጀምሮ በ‹‹ዩ››፣ በ‹‹አር››፣ በ‹‹ኦ›› እያለ እስከ ‹‹ፒ›› ይወርዳል። ሁለተኛው ስቡ ነው፤ ከ1 እስከ 5። ገበሬው የሚከፈለው በቁም ክብደት ሳይሆን በዚህ ፍርድ ተባዝቶ በሥጋው ኪሎ ነው። ያውም ሥጋው ትኩስ ሆኖ ከተመዘነው ላይ 2 በመቶ ‹‹ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል›› ተብሎ ይነሳለታል። ቆዳው፣ ጨጓራው፣ ምላሱ በሒሳቡ ወረቀት ላይ የሉም። ቅርጫ ገብቶ ለአንዲት ኩላሊት ሲጨቃጨቅ ላደገ ሰው ይህን መልመድ ከባድ ነው።

ስብ 5 ላይ ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል። የሚበዛው ሥጋ ተጭኖ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ አየርላንድ ከምታርደው ከአሥሩ ዘጠኙን እጅ ትልካለች። ገዢው ሱፐርማርኬት ደግሞ ቀይ ሥጋ በቀጭን ነጭ ጠርዝ ነው የሚፈልገው። የተረፈውን ስብ በቢላ የሚገፍፍ ሠራተኛ ደሞዝ ይከፈለዋል፤ የተገፈፈው ስብ ራሱ እዚህ ግባ የሚባል ዋጋ የለውም። ገበሬውም ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ ስብ ከቀይ ሥጋ ይልቅ ብዙ መኖ ይበላልና የመጨረሻዋ ኪሎ ከሁሉም የተወደደችዋ ናት። ለእሷ ብዙ ገብስ ከፍለህ፣ ስለ እሷ ትቀጣለህ።

በጥቅምት 2018 ከጎረቤቴ ጋር ወደ ከብት ጨረታ ሄጄ ሁለት ወይፈን ገዛሁ። ገንዘቡ የኔ፣ መሬቱና መኖው የሳቸው፤ ወጪውን በኋላ ልንተሳሰብ። በሕጉ ከብት የሚመዘገበው የመንጋ ቁጥር ባለው ገበሬ ስም ነውና በወረቀት ሁለቱም የሳቸው ነበሩ። ‹‹የርቢ ማለት ነው›› አለኝ አባቴ ስነግረው፤ ለሰው ሰጥቶ ማስረባትና መካፈል እኛም ጋ የኖረ ነገር ነው። አንደኛው የሄርፎርድ ዘር ያለበት፣ ቀይ ሰውነት፣ ነጭ ፊት፤ 790 ዩሮ። ቦራ አልኩት፤ ሌላ ስም ሊወጣለት አይችልም። ሁለተኛው ሻሮሌ የሚባለው የፈረንሳይ ዘር ክልስ፣ ቅቤ የመሰለ ነጭ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጎኑ ግን ሲዳሰስ ደረቅ፤ 860 ዩሮ። እሱን ዝም ብዬ ነጩ አልኩት። አልወደድኩትም ነበር።

ያ ዓመት የድርቅ ዓመት ነበር። አየርላንድ ውስጥ ድርቅ ስል ትስቁ ይሆናል፤ በ2018 በጋ ግን ሣሩ ቢጫ ሆኖ የክረምት መኖ በጣም ተወዶ ነበር። ከብቶቹ ክረምቱን ሳይሌጅ የሚሉትን፣ በላስቲክ ታፍኖ የኮመጠጠ ሣር እየበሉ በቤት ከረሙ። በሚያዝያ ሜዳ ወጡ። በሐምሌ ደግሞ ሣሩ ላይ በቀን አምስት አምስት ኪሎ የተፈጨ ገብስ ተጨመረላቸው። የማድለብ ሥራ ማለት እዚህ ያቺ የመጨረሻዋ ሁለትና ሦስት ወር ናት። ሆድ እንዳይነፋ ገብሱ በአንዴ አይሰጥም፤ ከሁለት ኪሎ ተጀምሮ ቀስ ተብሎ ይጨመራል። እዚህ ላይ አባቴና ጎረቤቴ አንድ ናቸው፤ ፋጉሎም በአንድ ቀን አይሰጥም።

የከብቶቹን ጆሮ ምልክትና ፓስፖርት ያየ ሰው ሌላ ሰዓት እየቆጠረ እንደሆነ ያውቃል። ቦራ የተወለደው በመጋቢት 2017፣ በቅዱስ ፓትሪክ በዓል ዕለት ነው። ስለዚህ መስከረም 17 ቀን 2019፣ በፈረንጆቹ፣ 30 ወር ይሞላዋል። ፋብሪካው ያኔ ከመነሻው ዋጋ በላይ በኪሎ 12 ሳንቲም ይጨምር የነበረው ከብቱ ከ30 ወር በታች ከሆነ፣ በሕይወቱ ከአራት እርሻ በላይ ካልዞረ፣ የመጨረሻዎቹን 70 ቀናት አንድ ቦታ ካሳለፈ፣ ቅርጹና ስቡም በልክ ከሆነ ነበር። የ30 ወሩ ነገር ከእብድ ላም በሽታ ዘመን የቀረ ነው። እንግሊዞች በ1996 ከ30 ወር በላይ የሆነ ከብት ሥጋ ለሰው እንዳይሸጥ ከልክለው በ2005 አንስተውታል። ክልከላው ሄደ፣ ቁጥሩ በገዢዎቹ መስፈርት ውስጥ ቀረ። በሠላሳ ወሩ የእኛ አገር ወይፈን ገና ቀንበር አልለመደም። እዚህ አርጅቷል ይባላል።

በዚያ በጋ የፋብሪካ መነሻ ዋጋ 3 ዩሮ ከ45 ሳንቲም ገደማ ነበር፤ ገበሬዎቹ በዚያ ዋጋ እየከሰርን ነው አሉ። ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በየፋብሪካው በር ላይ ተሰለፉ። ተደራደሩ፣ ተበተኑ፣ በነሐሴ መጨረሻ እንደገና መጡ። በመስከረም ብዙ ፋብሪካ እርድ አቁሞ በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ለጊዜው ወደ ቤቱ ተመለሰ። እኔም ተመለስኩ። እንዳልሠራ በሩን ከዘጉት ሰዎች አንዱ ጎረቤቴ ነበሩ።

አንድ ማለዳ በዚያ አለፍኩ። በርሜል ውስጥ እንጨት እየነደደ፣ እሳቸው የዝናብ ካፖርታቸውን ለብሰው ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። አይተውኝ መጡ። ‹‹በአንተ ላይ አይደለም›› አሉኝ። ‹‹አውቃለሁ›› አልኩ። ‹‹ለአርባ ዓመት ዋጋ ነግረውኝ ያውቃሉ፤ ጠይቀውኝ ግን አያውቁም›› አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም ግን የቤት ኪራይ ነበረብኝ። ልሄድ ስል ‹‹ለቀይዋ ገብሱን አቁምላት፤ በሩ እስኪከፈት ሣር ብቻ ትብላ። ነጩን ተወው፣ እሱ ገና ይችላል›› አሉኝ። ገብስ መስጠቱ የዚያ ሰሞን የኔ ሥራ ሆኖ ነበር፤ እሳቸው በር ላይ ይውላሉ፣ እኔ ሥራ የለኝም።

አላቆምኩም። በከፊል ተናድጄ ነበር፤ ደሞዜን ካስቀረ ሰው ምክር መስማት አልፈለግሁም። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው።

እኔ የደምበጫ ልጅ ነኝ። የደምበጫን አረቄ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እናቴ አረቄ ታወጣለች፣ አተላው ለከብት ነው። አባቴ ዳልቻ የሚባል በሬ ነበረው፤ ሰባት ክረምት ያረሰ። በእኛ አገር በሬ ለሥጋ አይወለድም፤ ለሞፈርና ለቀንበር ተወልዶ ጉልበቱ ሲደክም ይደልባል። ዳልቻ በ2004 ዓ.ም. ነሐሴ ከቀንበር ወጣ። መስከረምና ጥቅምትን ለምለም ሣር በላ፤ ከኅዳር ጀምሮ ጓሮ ታስሮ አተላ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የዳጉሳ አገዳና ጨው ይቀርብለት ጀመር። ዕቅዱ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ። ደምበጫ ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ሰንጋ በዚያን ጊዜ 12 ሺህ ብር ያወጣል ተብሎ ነበር።

እኔ ደግሞ በመተማ ልወጣ ነበር። ደላላው ቀን ቆርጧል። (በሬውን የሚያሻሽጠውም ሰው የሚያሻግረውም በእኛ ቋንቋ ያው ደላላ ነው፤ ያኔ አላስተዋልኩትም።) ዳልቻ ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ገበያ ወጣ። በሁዳዴ ማን ሰንጋ ይገዛል? አባቴ ማታ ሲመለስ ‹‹ዋጋውን አወጣ›› ብሎ ብሩን በነጠላ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከመተማ እስከዚህ ያለውን መንገድ ሌላ ጊዜ እጽፈው ይሆናል። ዳልቻ በ8 ሺህ መሸጡን የቀረውን አባቴ ከጎረቤት መበደሩን እህቴ የነገረችኝ ግን ከአራት ዓመት በኋላ ነው። በአንድ በሬ ቀርቶ ሦስት ክረምት በመቀናጆ ማረሱንም ያኔ ነው የሰማሁት።

እናም በዚያ መስከረም ጠዋት ጠዋት ባልዲ ይዤ ሜዳው ውስጥ ስቆም፣ ቦራ ከሩቅ አይቶኝ ሲመጣ፣ ሣር ብቻ ብላ ልለው አልቻልኩም። ለእርድ የታሰበ በሬ አፉ አይታሰርም። ጎኑ እየሞላ፣ ከጅራቱ ሥር ትራስ የመሰለ ነገር እየወጣ ሲሄድ አባቴ ቢያየው ዝም ይል ነበር እያልኩ በሆዴ እኮራ ነበር። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። በድምፅ መለሰልኝ፦ ‹‹ይሄ ነው እንግዲህ! ከብት እንዲህ ነው!››

ገበሬዎቹና ፋብሪካዎቹ የተስማሙት መስከረም 15 ነው፤ በሮቹ ሁሉ የተከፈቱት ግን ከዚያም ቀናት ቆይቶ። ተራው ሲደርሰን በመስቀል ሰሞን ነበር። ቦራ 30 ወር ካለፈው ከሳምንት በላይ ሆኗል። ሥራ ተመልሻለሁና ሁለቱም በእኔ በር አለፉ። የጆሯቸውን ቁጥር በልቤ ይዤው ነበር። ቦራ ከሩቅ ያስታውቅ ነበር፤ ጀርባው በሙሉ ነጭ፣ ኩላሊቱ አካባቢ ሁለት እጅ የማይጨብጠው ስብ። እንዲህ ያለ ሥጋ ደምበጫ ውስጥ ተሰቅሎ ቢሆን ሰው ይሰበሰብ ነበር። ማሽኑ ፎቶውን አነሳ፦ ኦ ፕላስ፣ ስብ 5 ማይነስ።

334 ኪሎ፣ በ3 ዩሮ ከ27 ሳንቲም፤ 1,092 ዩሮ። ከ30 እስከ 36 ወር ላሉ ከብቶች በአዲሱ ስምምነት የተፈቀደችውን 8 ሳንቲም እንኳ ስቡ ከልክ በማለፉ አላገኛትም። ነጩ፣ ያልወደድኩት፣ ገና 28 ወሩ ነበር፤ ዩ ማይነስ፣ ስብ 3። ያው ስምምነት ጭማሪውን ከ12 ወደ 20 ሳንቲም ከፍ አድርጎት ነበርና 372 ኪሎው በ3 ዩሮ ከ71 ተሰልቶ 1,380 ዩሮ አወጣ። በሩን የዘጉት ሰዎች የሦስት ሳምንት ደሞዜን አስቀርተው፣ ቦራን አስረጅተው፣ በነጩ ላይ 30 ዩሮ ጨመሩልኝ። ስለዚህ ነገር ምን ማሰብ እንዳለብኝ እስከ ዛሬ ቁርጥ ያለ ሐሳብ የለኝም።

ከጎረቤቴ ጋር ማዕድ ቤታቸው ተቀምጠን ተሳሰብን። ለእያንዳንዱ ከብት 330 ዩሮ ገደማ ወጪ ወጣ። ቦራ 28 ዩሮ ከስሯል፤ ነጩ 190 አትርፏል። የአሥራ አንድ ወር ትርፍ 162 ዩሮ። ሽማግሌው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አዩት። ‹‹5 ማይነስ›› አሉ። ገብሱን እንዳላቆምኩ ያኔ ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፣ ሻዩን ቀዱልኝና ‹‹መልኩ ግን ያምር ነበር›› አሉ።

በማግስቱ አባቴ ደወለ። እዚያ ደመራ እየተደመረ ነው፤ ከጀርባው የልጆች ጩኸት ይሰማል። ‹‹ቦራስ? ተሸጠ?›› አለኝ።

‹‹ተሸጠ።››

‹‹ስንት አወጣ?››

‹‹ዋጋውን አወጣ›› አልኩት። ከዚያ ቁጥር እንደሚጠይቀኝ ስላወቅሁ የነጩን ዋጋ ለቦራ ሰጥቼ ወደ ብር መትቼ ነገርኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ‹‹እዚያም ለመስቀል ዋጋ ይወጣል ማለት ነው?›› አለ።

‹‹ይወጣል፣ አባዬ›› አልኩት።